ሚሌቼንቶዋና የላዳው ሞተር

ሸፊቃ ባሏን ከቀበረች በኋላ ብዙ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ጽናት መሰለው። "አላህ ሰብር ሰጥቷታል" እየተባባለ ወጣ። ሰብር አልነበረም። ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ንዴቷን ነው። የሐዘን ወራቷን፣ ኢዳዋን፣ ጠብቃ ቤት በተቀመጠችባቸው ወራት ሁሉ፣ መስኮቷን በከፈተች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ግቢው መሀል በሸራ ተሸፍና የተገተረች፣ ሞተር የሌላት ፒካፕ።

መኪናዋ ፊያት ናት። የአራዳ የድሮ ሰው ሁሉ "ሚሌቼንቶ" የሚላት፣ ፊቷ ክብ፣ ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ በዕድሜ ከሸፊቃ የምትበልጥ። ባሏ ሙዓዝ የገዛት ሞተሯ ተሰንጥቆ አንድ አጥር ጥግ ከተጣለች በኋላ ነበር። የገዛትም ሸፊቃ የሰርግ አምባሯን እዚያው ፒያሳ ወርቅ ቤት ሸጣ በሰጠችው ብር ነው። "ትንሽ ወር ታገሽኝ" ብሏት ነበር። "ሞተር ይግባላት እንጂ በርበሬሽን እንደ ንግሥት ተቀምጠሽ ነው የምታከፋፍዪው። ከዚያ በኋላ ጋሪ የሚባል ነገር ደጃችን ድርሽ አይልም።"

ትንሽ ወር የተባለው ስምንት ዓመት ሆነ።

ሸፊቃ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ባለው ቤቷ በርበሬ ታዘጋጃለች። ዛላውን ታስቀነጥሳለች፣ ቅመሙን ታስገባለች፣ ታስፈጫለች፤ ከዚያ ለባለሱቆች ታደርሳለች። ያንን ሁሉ ዓመት ያደረሰችው በሰው ጀርባ፣ በጋሪና በሚኒባስ ጣሪያ ነው። አንድ ክረምት ወደ ጊዮርጊስ ስትወጣ ጆንያው ከታክሲው ጣሪያ ተንሸራቶ ጎርፍ ውስጥ ተዘረገፈ። አስፋልቱ ቀላ። ሸፊቃ ዝናብ እየመታት፣ የሁለት ሳምንት ልፋቷ ወደ ቱቦ ሲወርድ ቆማ አየችው። እቤት ስትደርስ ሙዓዝ የፒካፗን የሞተር ክዳን፣ ኮፋኖዋን፣ በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

"ምነው ረጠብሽ?" ነበር ያላት።

ሙዓዝ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ጣቱ ቀጭን፣ አፉ ጣፋጭ፣ ሰው ሊያዝንበት ቢፈልግ እንኳ የሚያስቀው የፒያሳ ልጅ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ይዘጋና ከጓደኛው ከመካኒኩ ደምመላሽ ጋር መኪናዋን ይከቧታል። አንዱ ቡሎን ይፈታል፣ ሌላው በናፍጣ ያጥባል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ቀለሟ ተቀባ፣ መቀመጫዋ ተሰፋ፣ መስታወቷ ገባ። ሞተሯ ብቻ ቀረ። ሸፊቃ "ሌላ ሞተር ይግባላትና ትሂድ" ስትለው ፊቱ ይለወጣል።

"ኦርጂናሉ ካልተገኘ ሌላ አይነካትም" ይላል።

አንድ ቀን የአባቷን የላዳ ሞተር ብታነሳበት ደግሞ ከልቡ ሳቀ። "ላዳ! የታክሲ ሞተር! ከዚያስ አህያ ብናስርላት ይሻላል!"

ይህን ያለ ሰው አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ፣ ሰዓት በእጁ እንደያዘ ልቡ ቆመና ሞተ። ሸፊቃ የቀረላት ሴት ልጇ ኢክራ፣ በርበሬዋና ይቺ የማትሄድ መኪና ናቸው።

ኢዳዋ እንዳለቀ የሙዓዝ ታላቅ ወንድም አብዱልሙሀይሚን መጣ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ሰው እንዲያዳምጠው የለመደ። ሻይ ቀርቦለት ሳይነካው ወደ ሸራው በአገጩ አመለከተ።

"ጓደኞቹ ተሰባስበን ነበር" አለ። "የድሮ መኪና የሚወዱት ሁሉ። ድሬዳዋ የሚሌቼንቶ ኦርጂናል ሞተር አለ፤ እናመጣለን። እኛው እናስገባላታለን። ከዚያ ትርኢት ላይ፣ ስሙ ተጽፎላት ትቆማለች። ማስታወሻው ትሁን።"

"ትቆማለች?" አለች ሸፊቃ።

"አዎ፣ በክብር።"

"ስምንት ዓመት ቆማለች ጋሼ። መቆምስ አላነሳትም።"

"የወንድሜ ላብ ናት እኮ ሸፊቃ።"

"የኔም አምባር ናት።" ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልትቀጥል ሞከረች። "እርስዎም ያውቁታል፤ ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ደንበኞቼ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ድሮ በእግር የምደርስበት ሱቅ ዛሬ ሁለት ታክሲ ነው። እኔ የምፈልገው የምትሄድ መኪና ነው።"

"ለሱ ኪራይ መኪና አለ" አለ አብዱልሙሀይሚን፣ እንደ ቀላል ነገር። "ይቺ ግን የበርበሬ መኪና አይደለችም።"

ሸፊቃ አንድ ነገር ልትመልስለት ነበር። ግን የባሏ ታላቅ ነው፤ ቤቷ ነው ያለው። "ሻይዎ እየቀዘቀዘ ነው" ብቻ አለችው።

በማግስቱ አባቷ ቤት ሄደች። አቶ አብዱልሰላም ከጊዮርጊስ ጀርባ ብቻውን የሚኖር፣ ዕድሜ ልኩን ላዳ ታክሲ የነዳ ሽማግሌ ነው። ሸፊቃን መኪና ያስተማራትም በዚያችው ላዳ ነበር። የታክሲዋ አካል በዝገት ሲበላ ቆርቆሮዋን ሸጦ ሞተሩን ግን አልሸጠም፤ ገና ደህና ነው ብሎ በግራሶ ለቅልቆ፣ በድሮ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጓዳው ውስጥ አስቀምጦታል።

"አባዬ፣ ሞተሩን ይስጡኝ" አለችው ገና ከመቀመጧ።

"ለምን?"

"ለሙዓዝ ፒካፕ።"

ሽማግሌው ቆቡን ከራሱ አንስቶ እንደገና አጠለቀ። "ያ ባልሽ፣ አላህ ይርሀመው፣ ላዳዬን የሳርዲን ጣሳ ነበር የሚላት። በኔ ፊት! አማቱ ሆኜ ሳለሁ! እኔ ደግሞ ዝም እላለሁ፣ ልጄን ሰጥቻለሁና።" ከዚያ ሳቀ። "ላዳ እኮ የፊያት ልጅ ናት። ሩሲያዎቹ ከጣሊያን ወስደው ነው የሠሯት። የአጎት ልጅን ከአጎት ልጅ ጋር ነው የምታጋቢው። ሰዓት ጠጋኙ ይሄን አያውቅም ነበር?"

"ያውቅ ነበር መሰለኝ" አለች ሸፊቃ። "ውሰጂው ይበሉኝ።"

"ውሰጂው። ግን ካምቢዮውንም አብረሽ ውሰጂ፤ እነሱ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።"

ሞተሩንና ካምቢዮውን በጋሪ አስጭና ከድልድዩ በታች ወዳለው የደምመላሽ ጋራዥ ወረደች። ጋሪው ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ አጠገቡ እየሄደች "ይሄ የመጨረሻው ጋሪ ነው" ትላለች ለራሷ፤ ባለጋሪው እሱን የተሳደበች መስሎት ዞር ዞር ይላል።

ደምመላሽ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየና እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ወፍራም፣ ቸር፣ ፀብ የማይወድ ሰው ነው።

"የላዳ ነው" አለ።

"ለሚሌቼንቶዋ ነው።"

"ሸፊቃ፣ ሌላ ነገር እዘዢኝ። ሙዓዝ ከመቃብሩ ተነስቶ ያንቀኛል።"

"ይነሳና ይነቅህ! እሱ ከተነሳ እኔም የምለው አለኝ።"

"እስቲ ትንሽ ታገሺ…"

"እንዳትለኝ! ያቺን ቃል እንዳትላት። ወንድሙም መጥቶ ድሬ ኦርጂናሉ አለ ይለኛል። ስምንት ዓመት የጠፋ ሞተር እሱ አፈር ሲለብስ ብቅ አለ!"

"ኧረ እሱማ ድሮ የተገኘ ነው" አለ ደምመላሽ።

ያለውን የሰማው ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው። ጨርቁን ያዘና ንፁህ የሆነውን እጁን እንደገና ይጠርግ ጀመር።

"ምን አልክ?"

ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ደምመላሽ። ምን አልክ?"

አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። "ሁለት ዓመት ይሆነዋል" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "እኔው ራሴ ድሬ ወርጄ ጭኜ አመጣሁለት። ንፁህ ሞተር ነበር ሸፊቃ፤ አንድ ጭረት የለበትም። እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ አወረድነው። ዳሰሰው። በእጁ አዞረው። ከዚያ መልሰው አለኝ።"

"መልሰው?"

"ይሄ አይሆንም አለ። ለምን ብለው መልስ የለውም። መለስኩት። ለሸፊቃ እንዳትነግር አለኝ፤ ጓደኛዬ ነው፣ ምን ላድርግ?"

ሸፊቃ ያንን ዓመት አሰበችው። ትከሻዋ ታሞ ክንዷን ማንሳት ያቃታት፣ ሐኪሙ ሸክም የሚባል ነገር እንዳትነኪ ያላት ዓመት ነው። ሸክሙን ግን አልተወችም፤ ማን ሊሸከምላት? ማታ ማታ ሙዓዝ ነበር ትከሻዋን በቅባት የሚያሽላት። በዚያ ቀጭን ጣቱ፣ በለስላሳ፣ ሰዓት እንደሚነካ። "አይዞሽ" ይላት ነበር እያሸ። "ሞተሩ ሊገኝ ነው። ትንሽ ነው የቀረን።"

ንዴቱ ከእግሯ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ሙዓዝ ፊቷ ቢሆን ኖሮ ኮሌታውን ይዛ ትንጠው ነበር። ፊቷ ያለው ግን ደምመላሽ ነው።

"አንተም ቤቴ እየመጣህ በላህ" አለችው። "ክንዴ ታስሮ በአንድ እጄ ምሳ አቀረብኩልህ። በላህና ሄድክ።"

"ሸፊቃ…"

"ዛሬውኑ ጀምር። ይሄንን ሞተር ታስገባታለህ። ካላስገባህ ሌላ ጋራዥ እወስደዋለሁ፤ ለምን እንደወሰድኩት ግን ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ።"

በማግስቱ የሰፈር ጎረምሶች ፒካፗን ገፍተው ከግቢው አወጧት። ሸፊቃ መሪውን ይዛ፣ ፍሬኑን እየረገጠች ቁልቁል ወሰደቻት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ከጋራዡ አልቀረችም። ደምመላሽን ከእንግዲህ አላመነችውም፤ ዱካ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዷን ቡሎን ሲያጠብቅ ታያለች። እሱም ሳያወራ ይሠራል። የላዳው ሞተር የሚያርፍበትን እግር ከወፍራም ብረት ቆርጦ ሠራ፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋ፤ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ዘንግ አስቆርጦ በልኩ አስበየደ። ሞተሩን በሰንሰለት አንስቶ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ሲያወርደው ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጭ አለ።

ከሥር ገብቶ አየና ወጣ። "አልገባም" አለ። "ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ከፊት ካለው ተሻጋሪ ብረት ጋር ይጋጫል። ከፍ ላድርገው ብል ኮፋኖው አይዘጋም።"

"ኮፋኖውን ቁረጠው።"

"ኮፋኖውን?"

"ቁረጠው!"

"እረ ባክሽ ሸፊቃ። ይሄን ኮፋኖ እኮ እሱ በእጁ…"

"እንዴት እንደወለወለው ለኔ አትንገረኝ! አይቻለሁ! ስምንት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ! የኔን ጀርባ አንድ ቀን እንደሱ ቢያየው ኖሮ!"

ከዱካዋ ተነሳች። መሬት ላይ የነበረውን የብረት መቁረጫ ግራይንደር አነሳች፤ ከባድ ነው፣ የታመመው ትከሻዋ ጮኸ፣ ግድ አልሰጣትም። ማብሪያውን ተጫነችው። ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ተደግፎ የቆመው ኮፋኖ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ፍንጣሪው እስከ ጣሪያ ወጣ። የተቃጠለ ቀለም ሸተተ። በግ ሲታረድ እንደሚታየው ቀጭን መስመር፣ አንድ ስንዝር የሚያህል፣ በዚያ መስታወት በመሰለ ቀለም ላይ ተከፈተ።

ደምመላሽ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው።

"ኮፓውን እቆርጠዋለሁ!" አለ እያለከለከ። "ኮፓውን አሳጥሬ እበይደዋለሁ፤ ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ ኮፋኖው ይዘጋል! ተዪው! ስለ ማርያም ተዪው!"

ሸፊቃ የቆመውን ግራይንደር እንደያዘች አየችው። "እንደሚቻል ታውቅ ነበር?"

የነቀለውን ገመድ በእጁ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

"ታውቅ ነበር! ተስፋ እንድቆርጥ ነው አልገባም ያልከኝ! አንተ ሰው፣ ለሞተ ሰው እስከ መቼ ነው የምትሠራለት? እኔ እኮ በሕይወት ነኝ!"

ደምመላሽ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ ግን ልቧ አልራራም። ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ወሬው ለኢክራ ደረሳት። ኢክራ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሳቋም ጣቷም የአባቷ ነው። በማግስቱ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ጋራዡ ገባች፣ የተቆረጠውን ኮፋኖ አየች፣ ጣቷን ስንጥቁ ላይ አሳለፈች። ደምመላሽ ሹልክ ብሎ ወጣ።

"ምን ሆነሽ ነው እማ?" አለች። "እሱን ማግኘት ስላልቻልሽ ነው መኪናውን የምታርጂው?"

"አፍሽን ሰብስቢ።"

"አልሰበስብም! አጎቴ በደንብ ሊያሠራት ነበር። የአባዬ መታሰቢያ ነበረች። ዝም ብለሽ አንቺ ብቻ እንደተጎዳሽ…"

"ሞተሩን መልሶታል!" ሸፊቃ ጮኸች። ልትነግራት አልነበረም፤ ከልጅ ጋር አባቷን ላታማ ለራሷ ምላ ነበር። "አባትሽ! ኦርጂናሉ መጥቶለት በእጁ ዳስሶ መልሶታል! እኔ ክንዴን አስሬ ስሸከም! ይሄን ብታውቂ ኖሮ እንደዚህ ትይኝ ነበር?"

ኢክራ ጣቷን ከኮፋኖው ላይ አነሳች።

"አውቃለሁ" አለች ቀስ ብላ።

"ምን?"

"ያን ቀን አብሬው ነበርኩ። ከትምህርት ቤት አውጥቶኝ እዚህ አምጥቶኛል። ሞተሩን አየሁት።" የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘች። "ለምን ትመልሰዋለህ ስለው… 'እናትሽ በርበሬ ትጭንባታለች' አለኝ። 'በሳምንት ውስጥ ሽታው መቀመጫው ውስጥ ይገባል፣ ቀለሟ ይፋቃል' አለ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።"

ሸፊቃ ዱካው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ያ በርበሬ ነው ይህችን ልጅ ያስተማራት። ያ በርበሬ ነው የሰዓት ሱቁ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቤቱን የያዘው። ሰውየው የበላው፣ የለበሰው፣ ለዚህ ኮፋኖ ቀለም የገዛው በዚያ ሽታ ነው።

"አንቺም" አለች። "አንቺም ታውቂ ነበር።"

"ምን ላድርግ እማ? ልጅ ነበርኩ! እሱ አትንገሪያት ይለኛል፣ አንቺ ስለሱ ለኔ ታማርሪኛለሽ፤ ሁለታችሁ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ይቀልዳል፣ አንቺ ዝም ትዪያለሽ፣ ሁሉም ነገር እኔ ላይ ነው የሚራገፈው! እኔም ደክሞኛል!"

እያለቀሰች ወጣች። ሸፊቃ ልጅቷ የተናገረችው እውነት እንደነበር አውቃለች፤ ይሄም ራሱ አናደዳት።

ኮፓው ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ ሞተሩ ቦታውን ያዘ። በሚያስነሱበት ቀን አቶ አብዱልሰላም ከዘራውን ይዞ መጣ። ወንበር ቀርቦለት ሞተሩ ፊት ተቀመጠ፤ የልጅ ልጅ እንደሚጠብቅ ሰው። ሸፊቃ ቁልፉን አዞረች። አነጠሰ፣ ጠፋ። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ያዘ፤ ያ ሸፊቃ ከልጅነቷ የምታውቀው፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው የሚያጉረመርም ድምፅ ጋራዡን ሞላው።

"ቫልቩ ይንጫጫል" አለ ሽማግሌው። "አስተካክለው ደምመላሽ። እንጂ ድሮም አንደኛ ሞተር ነው።" ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብሎ "አየህ ሰዓት ጠጋኙ?" አለ። ደምመላሽ ሳያስበው ሳቀ፤ ሸፊቃን አይቶ ሳቁን ዋጠው።

የሞተር ለውጡን ሊብሬው ላይ ለማስመዝገብ ሸፊቃ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች፤ እዚያም የተጣላችው ሰው አልጠፋም። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ግቢዋ ውስጥ ጆንያዎቿን በፒካፗ ጀርባ ላይ ደረደረች። የተቆረጠውን ኮፋኖ እንዳለ ነበር የገጠመችው፤ ደምመላሽ በየዳ ላደርግበት ቢል እምቢ ብላዋለች። ልትነሳ ስትል የቀኝ በር ተከፈተ። ኢክራ ነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ የተነጋገሩት ከ"በላሽ?" እና ከ"አዎ" አይበልጥም። ገባች፣ በሩን ሳብ አድርጋ ዘጋች፣ ፊት ለፊቷን አየች። ሸፊቃም ማርሽ አስገባች።

ፒካፗ ዳገቱን ያለ ችግር ወጣች። ጊዮርጊስ አካባቢ ስትደርስ መንገዱ ተጨናነቀና ቆመች። በዚያች ቅጽበት አብዱልሙሀይሚን ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ከአንድ ኬክ ቤት ወጣ። መኪናዋን አወቃት። ቀጥሎ ጆንያዎቹን አየ፣ ኮፋኖውን አየ፣ ሞተሩን ሰማ። መንገዱን አቋርጦ መጥቶ ከፊቷ ተገተረ።

"ምንድነው ያደረግሽው?" አለ መዳፉን ኮፋኖው ላይ ጥሎ። "የታክሲ ሞተር? በርበሬ? የወንድሜን ስም በአደባባይ ታዋርጂ?"

"ጋሼ፣ ከፊቴ ዞር ይበሉልኝ። ሥራ ላይ ነኝ።"

"ዞር አልልም! ውረጂ! ሰው ይይሽ!"

ከኋላ ጡሩምባው ተንጫጫ። መንገደኛው መቆም ጀመረ። ሸፊቃ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ወንድምህ ስምንት ዓመት በጋሪ ስጎትት ሲያየኝ የት ነበርክ?" አለች። አንቱታው በመሀል ወድቆ ቀረ፤ እሱም ሰማው፣ እሷም ሰማችው፣ አላነሳችውም። "ያኔ ማን ተዋረደ? ውጣ ከፊቴ! ውጣ አልኩህ!"

አብዱልሙሀይሚን ቀላ። በዚህን ጊዜ ኢክራ በበኩሏ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

"አጎቴ" አለች ረጋ ብላ። "የድሬው ሞተር አባዬ የመለሰው ያው ሞተር ነው አይደል? እርስዎም ያውቁ ነበር?"

ሰውየው ወዳጆቹን ዞሮ አየ። እጁን ከኮፋኖው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

መልሱ ይሄው ነበር። ሸፊቃ ፍሪሲዮኑን ለቀቀችና ፒካፗ ወደ ፊት ፈንጠር ስትል አብዱልሙሀይሚን ወደ ጎን ዘለለ።

ጥቂት ሱቆች ጋ አደረሰች። ባለሱቆቹ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ መኪና ገዛሽ?" ሲሏት ሒሳቧን ተቀብላ ትወጣለች። ሁሉንም ተናግራለች፤ ደምመላሽን፣ ልጇን፣ የባሏን ወንድም። ልትናገረው የሚገባውን አንዱን ሰው ግን አልተናገረችውም። ቀጣዩ ሱቅ ያለው ወደ ፒያሳ ነበር። እሷ ግን ወደ ኮልፌ ታጠፈች።

"ወዴት ነው?" አለች ኢክራ።

ኢክራ የመቃብሩን አጥር ስታየው ገባት፤ ቀበቶዋን ያዝ አደረገች።

ሸፊቃ ሙዓዝ ከተቀበረበት በኩል አጥሩን ተጠግታ ቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም። ማርሹን ነጻ አድርጋ ነዳጁን ረገጠችው። የላዳው ሞተር ጮኸ። ለቀቀችው፤ እንደገና ረገጠችው። ጭሱ አጥሩን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ የበርበሬው ሽታም አብሮ።

"ስማ!" አለች በመስኮት። "ስማው! የላዳ ነው! አንድ ቀን ብቻ ፊት ለፊቴ ቆመህ 'በርበሬሽ ያሳፍረኛል' ብትለኝ ምን ነበረበት? እጣላህ ነበር! ተጣልተን እንታረቅ ነበር! ይሄንን ነፍገኸኝ ሄድክ!"

ዱላ የያዘ ዘበኛ ከበሩ ብቅ አለ። መኪናዋን ዞሮ አያት። "ምነው እናቴ፣ ብልሽት ነው?"

"የለም፣ ደህና ነው የሚሠራው።"

"ታዲያ ያጥፉት እንጂ። እዚህ እኮ ሰው ተኝቷል።"

"አውቃለሁ" አለች ሸፊቃ። "አንዱን ልቀሰቅሰው ነው።"

ኢክራ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሸፊቃ ለማየት አልዞረችም። ዘበኛው ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረ። እሷ አንድ ጊዜ ደግማ ነዳጁን ረገጠችና ማርሽ አስገብታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ገና ያልደረሱ ጆንያዎች ነበሩ።

አብዱልሙሀይሚን ከዚያ በኋላ ለዒድ ሥጋ ይልካል እንጂ ራሱ ደጇን አልረገጠም። ደምመላሽን ይቅር ለማለት ጊዜ ፈጅቶባታል፤ ጋራዡ ስትሄድ ግን ሻይ ትቀበለዋለች። ከኢክራ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ያከፋፍላሉ፤ ልጅቷ መሪ መያዝም ጀምራለች፣ አቶ አብዱልሰላም ከጎኗ ሆኖ እየተቆጣ። ሙዓዝን ይቅር አላለችውም። አንዳንድ ቀን መብራት ላይ ቆመው ሳለ ከቀልዶቹ አንዱ ትዝ ይላትና ለኢክራ ትነግራታለች፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ከዚያ ሸፊቃ ትናደዳለች፤ ማርሹን በኃይል ታስገባውና ትነዳለች።